በደልን በዘመን ስለ ማሳበብ

በዓለም ላይ ካሉት ምክንያቶች ሁሉ ለአፍ የሚቀልል አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም «ዘመኑ ነው» የሚለው ነው። ሰው ያለፈው ትውልድ የሠራውን ክፉ ሥራ ሲነግሩት፣ «የዚያን ጊዜ ልማዱ እንዲህ ነበረ፤ ሰዎቹም የተሻለ አያውቁም ነበር» ብሎ በደሉን ከሠሪው ትከሻ ላይ ያነሣና በዘመን ጀርባ ላይ ይጭነዋል። ዘመን አፍ የለውም፤ ተከሶም ችሎት አይቆምም። ስለዚህ ለበደል እንደ ዘመን ያለ ጭነት የማይከብደው አህያ አይገኝም።

እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ታሪክ ሳስተምርም ይህን ምክንያት ከተማሪዎች አፍም ከመጻሕፍትም ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ጨዋና አስተዋይ የሆኑ ሰዎች እንኳ ያለፈውን ሰው በዛሬ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ትሕትና አይደለም፣ ስንፍና ነው እላለሁ፤ ከስንፍናም የሚብሰው፣ ዛሬ ለምንሠራው ክፉ ሥራ አስቀድመን የምናዘጋጀው መሸሸጊያ መሆኑ ነው። ይህም ባዶ ቃል እንዳይሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ አቀርባለሁ፤ ይኸውም በአውስትራልያ ምድር በእንግሊዝ ከብት አርቢዎችና አቦሪጂን በሚባሉት በአገሩ ነባር ሕዝቦች መካከል የሆነው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

የእንግሊዝ መርከቦች ግዞተኞችን ጭነው ዛሬ ሲድኒ ከተማ ባለችበት ወደብ ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ሰፈራ ሲጀምሩ፣ አቦሪጂኖች በዚያች ሰፊ አህጉር ከ50,000 ዓመት በላይ ኖረውባታል። ከ250 የሚበልጥ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በሞፈርና በቀንበር አላረሱም፤ በግና ላም አላረቡም። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሕዝብ ርስቱን ያውቅ ነበር፤ ወንዙን፣ ኮረብታውንና የውሃውን ጕድጓድ በስም እየጠራ ድንበሩን ለልጁ ያስተምራል። ሣሩንም በወቅቱና በልኩ እያቃጠሉ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣና ካንጋሮ ለግጦሽ እንዲሰበሰብ ያደርጉ ነበር። እንግሊዞቹ የመኳንንት መናፈሻ ይመስላል እያሉ ያደነቁት ለምለም ሜዳ የነዚያ ሰዎች የእጅ ሥራ ነበረ።

እንግሊዞቹ ግን ምድሪቱን ጠፍ አሏት። ጠፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ያገራችን ሰው ያውቃል፤ ባለቤቱ የጠፋ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው የታጣበት መሬት ነው። እንግዲህ መሬት ጠፍ ለመባል አስቀድሞ ባለቤቱ መጥፋት አለበት። በአውስትራልያ ግን ባለቤቱ ቆሞ እያየ ርስቱ ጠፍ ተባለ፤ ባለቤቱን የማጥፋቱ ሥራ ከዚያ በኋላ ተጀመረ።

በ1835 ጆን ባትማን የሚባል ሰው ዛሬ ሜልቦርን ከተማ ባለችበት አገር ከነባሮቹ ሽማግሌዎች ጋር ውል አድርጌ በብርድ ልብስ፣ በቢላዋ፣ በመጥረቢያና በዱቄት መሬት ገዛሁ አለ። የኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዢ ሪቻርድ ቡርክ ግን በዚያው ዓመት አዋጅ አውጥቶ ውሉ ፈራሽ ነው አለ፤ ምድሪቱ ሁሉ የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት ስለ ሆነች ነባሮቹ የሚሸጡት ነገር የላቸውም ተባለ። ባትማን ብዙ መሬት በጥቂት ዕቃ ለመውሰድ የፈለገ ሰው ነበረ። ነገር ግን አታላይ እንኳ የሚያታልለው ባለቤት መኖሩን አምኗል፤ ሕጉ ግን ይህን ያህል እንኳ አላመነም።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅ። የዚያ ዘመን ሰዎች ይህ ነገር ክፉ መሆኑን አያውቁም ነበርን? መዛግብቱ ይመስክሩ። በ1768 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሹማምንት ለካፒቴን ጄምስ ኩክ በምሥጢር የሰጡት ትእዛዝ፣ በነዋሪዎቹ ፈቃድ ምቹ ስፍራዎችን በንጉሡ ስም እንዲይዝ የሚል ነበረ። እርሱ ግን በ1770 የምሥራቁን ዳርቻ በሙሉ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የንጉሥ ነው አለ። በ1787 ለመጀመሪያው አገረ ገዢ ለአርተር ፊሊፕ የተሰጠው ትእዛዝ ከነባሮቹ ጋር በፍቅር እንዲኖርና በከንቱ የሚገድላቸውን ሰው እንዲቀጣ ያዝዘው ነበር። በ1837 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ያቆመው መርማሪ ኮሚቴ፣ ነባር ሕዝቦች በገዛ ምድራቸው ላይ ሊካድ የማይቻል መብት እንዳላቸው በጽሑፍ መሰከረ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ልብ በሉ፤ ይህ ምስክርነት የዛሬ ሰው ያወጣው ሚዛን አይደለም። ከዚህ በታች የምተርከው ግድያ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

የተጻፈው እንዲህ ሆኖ ሳለ የተሠራው ለምን ሌላ ሆነ? ምክንያቱ ባለማወቅ አይደለም፤ በትርፍ ነው። በእንግሊዝ አገር የተቋቋሙት የሱፍ ፋብሪካዎች የበግ ጠጕር ቢያቀርቡላቸው ቢያቀርቡላቸው አይጠግቡም ነበር። ሜሪኖ የሚባለው ባለ ጥሩ ጠጕር በግ ደግሞ የአውስትራልያ ሜዳ ተስማማው። በ1813 ከሲድኒ በስተ ምዕራብ ያሉትን ተራሮች የሚያሻግር መንገድ ከተገኘ ወዲህ አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ወደ ውስጥ አገር ገቡ። መንግሥት በ1829 ሰው ሊሰፍርበት የሚፈቀደውን ወሰን ቢከልልም ወሰኑን ጥሰው አለፉ። በ1836 መንግሥት መከልከሉን ትቶ በዓመት 10 ፓውንድ ለሚከፍል አርቢ ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። እንዲህም ሆኖ ሕግ የጣሰው ሰው ባለ ፈቃድ ሆነ፤ ሕጉን ያልጣሰው ባለ ርስት ግን በገዛ አገሩ ወራሪ ተባለ።

በግና ላም በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን አንድ ትልቅ መንጋ በበጋ ወደ ውሃ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ከብት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ውሃውን ይጨርሳል፣ ዳሩን ያጨቀያል፣ ሣሩን ከሥሩ ይግጣል። በደቡቡ አገር ሴቶች እየቈፈሩ ቤተ ሰባቸውን የሚመግቡበት ሙርኖንግ የሚባል ሥር ነበረ፤ በጎቹ አፈሩን በአፍንጫቸው እየጫሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብዙ ስፍራ አጠፉት። ካንጋሮውም ሸሸ። አርቢውም ባለ ርስቱን በጠመንጃ ከውሃው አባረረው። እንግዲህ ልጆቹ የተራቡበት አባት በአባቶቹ ርስት ላይ ከሚግጡት በጎች አንዱን በጦር ወግቶ ቢወስድ ሌባው ማን ነው? ዳሩ ግን ስለ በግ ሰው ይገደል ነበር፤ የሟቹ ወገኖች እረኛ ሲገድሉ ደግሞ ስለ አንድ እረኛ አንድ ሠፈር ይደመሰስ ነበር። በ1824 ባትርስት በሚባለው አውራጃ የዊራጁሪ ሕዝብ ዊንድራዳይን በሚባል መሪ ሥር ሆኖ ለምድሩ ቢዋጋ፣ አገረ ገዢው ቶማስ ብሪስቤን የጦር ሕግ አወጀበት።

ከዚህ ረጅም ታሪክ አንድ ቀን ለይቼ አቀርባለሁ። ቀኑ ጁን 10፣ ዓመቱ 1838 ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበረ።

ከሲድኒ በስተ ሰሜን እጅግ ርቆ፣ ማያል ክሪክ በሚባል ጅረት አጠገብ ሄንሪ ዳንጋር የተባለ ባለጸጋ የከብት ማርቢያ ጣቢያ ነበረው። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ዊልያም ሆብስ የሚባል ሹም ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር በግዞት የመጡ ጥቂት ሠራተኞች ነበሩ። በዚያ ዓመት የታጠቁ ፈረሰኞች በየሜዳው እየዞሩ ነባሮቹን ያድኑ ስለ ነበረ፣ ከዊራያራይ ሕዝብ ጥቂት ቤተ ሰቦች ጥበቃ ፈልገው ከጣቢያው ጎጆዎች አጠገብ ሰፈሩ፤ ለሳምንታትም በሰላም ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ለልጆቻቸውና ለሽማግሌዎቻቸው የእንግሊዝ ስም አወጡላቸው። ቻርልስ ኪልማይስተር የሚባለው ከብት ጠባቂ ማታ ማታ አብሯቸው ይዘፍንና ይጨፍር ነበር።

በዚያ እሑድ ሆብስ ከብት ነድቶ ርቆ ሄዷል፤ ከጎበዛዝቱም ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደው ነበር። ሰይፍና ጠመንጃ የታጠቁ ፈረሰኞች ደረሱ፤ ኪልማይስተርም ከእነርሱ ጋር ተቀላቀለና 12 ሆኑ። መሪያቸው በዚያው በቅኝ አገሩ የተወለደ ነጻ ሰው፣ ጆን ፍሌሚንግ ነበረ። ሴቶቹና ልጆቹ ፈረሶቹን ባዩ ጊዜ እንዲያድናቸው እየለመኑ ወደ ጎጆ ጠባቂው ወደ ጆርጅ አንደርሰን ሮጡ። ፈረሰኞቹም ሁሉን በአንድ ረጅም ጠፍር አሰሯቸው። አንደርሰን ምን ልታደርጓቸው ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ከኮረብታው ወዲያ ወስደን ልናስፈራራቸው ነው አሉት። ከዚያም ከጎጆዎቹ ራቅ ወደ አለ ስፍራ ነድተው 28 ያህል ሰዎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹንም በሰይፍ ነበረ። የሞቱት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ገዳዮቹ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ሬሳዎቹን አቃጠሉ።

ከዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። የሠሩት ሥራ በዘመኑ ልማድ የተፈቀደ መስሎ ከታያቸው ለምን ልናስፈራራቸው ነው ብለው ዋሹ? በግ ያረደ ሰው አጥንቱን ለመደበቅ ተመልሶ አይመጣም። እሳቱን ያነደዱት የሰው ደም መሆኑን ስላወቁ ነው። ስለዚህ «የተሻለ አያውቁም ነበር» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ ከራሳቸው ከገዳዮቹ የተገኘው ያ እሳት ነው።

ሁለተኛው መልስ ከአንደርሰንና ከሆብስ ይገኛል። አንደርሰን ግዞተኛ ነበረ፤ ሥልጣን የለውም፣ ጉልበትም የለውም። እንደ ኪልማይስተር ፈረሱን ጭኖ መከተል ይችል ነበር፤ አልተከተለም። ሆብስ በተመለሰ ጊዜ ወደ ስፍራው ሄዶ ከእሳቱ የተረፈውን በዓይኑ አየ፤ እንደ ሌሎቹም አርቢዎች አይቶ እንዳላየ ከመሆን ይልቅ ነገሩን አስታወቀ። ፍሬደሪክ ፉት የሚባል አርቢ ወሬውን ይዞ ወደ ሲድኒ ሄደ። አገረ ገዢው ሰር ጆርጅ ጊፕስ ኤድዋርድ ዴኒ ዴይ የተባለውን ዳኛ ላከ፤ ዳኛውም ብዙ ቀን በፈረስ እየዞረ ምስክር ሰምቶ 11 ሰዎች ያዘ። ፍሌሚንግ ብቻ አመለጠ። እነዚህ ሁሉ የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። አንድ አየር ይተነፍሱ ነበር፤ አንድ ጋዜጣ ያነብቡ ነበር፤ በአንድ ንጉሣዊ ሕግ ይተዳደሩ ነበር። ዘመን ሰውን ሁሉ እንደ ጎርፍ የሚወስድ ከሆነ፣ እነዚህን ለምን አልወሰዳቸውም?

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። ባለጸጎቹ አርቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ለተከሳሾቹ ጠበቆች ቀጠሩ፤ ዳንጋርም ከሚያዋጡት አንዱ ነበረ። ሲድኒ ሄራልድ የሚባለው ጋዜጣ ክሱን አጥብቆ ነቀፈ። ኖቬምበር 15 ቀን 1838 ችሎት ተሰይሞ ምስክሩ ሁሉ ከተሰማ በኋላ፣ ጁሪ የሚባሉት 12 ፈራጆች ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተማክረው ነጻ ናቸው አሉ። ለ28 ነፍስ ሩብ ሰዓት! ነገር ግን የመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ ጆን ሁበርት ፕለንኬት ነገሩን አልተወም። ከተከሳሾቹ 7ቱን በሕፃን ግድያ እንደ ገና ከሰሳቸው፤ በዚህ ጊዜ ተፈረደባቸውና ዲሴምበር 18 ቀን 1838 በሲድኒ ተሰቀሉ።

ቀሪዎቹ 4 ግን ተለቀቁ። ምክንያቱን ስሙ። ይንታይንቲን የሚባል፣ እንግሊዞቹ ዴቪ ብለው የሚጠሩት ነባር ሰው በጣቢያው ይሠራ ነበር፤ ገዳዮቹንም ተከትሎ የሆነውን አይቷል። ነገር ግን ክርስቲያን ያልሆነ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ሊምል አይችልም፣ ያልማለም ሰው ሊመሰክር አይችልም ተብሎ ቃሉ አልተሰማም። በኒው ሳውዝ ዌልስ እንዲህ ያለ ሰው ያለ መሐላ እንዲመሰክር የተፈቀደው በ1876 ነው። እንግዲህ ነባሮቹ በተገደሉበት ስፍራ ሁሉ ከገዳዮቹ ሌላ ያየ ነባር ሰው ቢተርፍ እንኳ፣ በሕግ ፊት እንዳልተረፈ ይቈጠር ነበር።

እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ያንን መጽሐፍ ከሕፃንነቴ ጀምሬ አንብቤዋለሁ። ዴቪ እንዳይምልበት በተከለከለው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የናቡቴ ታሪክ ተጽፏል። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በወደደ ጊዜ አስቀድሞ ዋጋ አቀረበለት፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ስላለ ተገደለ። አርቢዎቹ ከአክዓብም የባሱ ሆኑ፤ አክዓብ ዋጋ ጠይቆ ነበርና። ይህን ታሪክ እሑድ እሑድ የሚሰሙ ሰዎች ርስት መንጠቅ ኃጢአት መሆኑን አናውቅም ነበር ቢሉ ማን ያምናቸዋል? በዚያው ዘመን ላንስሎት ትሬልኬልድ የተባለ ሚሲዮናዊ የነባሮቹን ቋንቋ ተምሮ በፍርድ ቤት ያስተረጕም፣ ስለሚፈጸመው ግድያም ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ቢሆን የጮኸ ነበረ፤ ዝም ያለውም ሳያውቅ ዝም አላለም።

እውነት የተናገሩት ዋጋውን ከፈሉ። ሆብስን ጌታው ዳንጋር ከሥራው አባረረው። የገዳዮቹ አለቃ ፍሌሚንግ ግን አንድም ቀን ሳይከሰስ ኖሮ፣ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ እስከ መሆን ተከብሮ በ1894 ሞተ። የተሰቀሉት ሰባቱ ግዞተኞችና የቀድሞ ግዞተኞች ናቸው፤ ባለ መሬቱና ነጻው ሰው ከገመዱ አመለጡ። ይህንንም መሸሸግ አይገባም።

ከስቅላቱ በኋላ ግድያው የቀረ እንዳይመስላችሁ፤ አልቀረም፣ ነገር ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። በ1842 ኪልኮይ በሚባል የበግ ጣቢያ አጠገብ መርዝ የተቀላቀለበት ዱቄት የበሉ ነባሮች ሞቱ። በኩዊንስላንድም በነጭ መኰንኖች የሚመሩ የነባር ፖሊሶች ሠራዊት ለብዙ ዓመታት ሠፈር ሲደመስስ፣ መኰንኖቹ በጽሑፋቸው «ገደልን» አይሉም፤ «በተንን» ይሉ ነበር። ቃል ሲለሰልስ ተጠንቀቁ፤ ጸሓፊው ትክክለኛውን ቃል ያውቀዋል፣ የሸሸውም ስላወቀው ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ሰዎች ልስማ። አንዳንዱ፣ ነባሮቹም ነጮችን ገድለዋል ይላል። እውነት ነው፤ አልሸሽገውም። በ1857 ሆርኔት ባንክ በሚባል ጣቢያ 11፣ በ1861 ኩሊን ላ ሪንጎ በሚባል ስፍራ 19 ሰፋሪዎች በነባሮቹ እጅ ተገድለዋል፤ ከሞቱትም ውስጥ ልጆች ነበሩ። የሕፃን ደም የማንም ልጅ ቢሆን ደም ነው። ነገር ግን ስለ እነዚህ ሟቾች ከጥፋተኛውም ከንጹሑም ብዙ ነባር ሰው ተገድሏል። በኒው ካስል ዩኒቨርሲቲ ያሉ የታሪክ ሊቃውንት ከ2017 ጀምረው ባወጡት ካርታ፣ ከ1788 እስከ 1930 ድረስ መከላከያ የሌላቸው 6ና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ የተገደሉባቸውን ስፍራዎች መዝግበዋል። ስፍራዎቹ ከ400 ይበልጣሉ፤ የተገደሉትም ነባሮች ከ10,000 ይበልጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ማያል ክሪክ ፍርድ ያገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ብዙውን ሰው የጨረሰው በሽታ ነው ይላል። በ1789 በሲድኒ አካባቢ ፈንጣጣ ብዙ ሕዝብ መፍጀቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጎረቤቴን ወባ ስለ ገደለው ወንድሙን በሰይፍ ብገድል ነጻ እሆናለሁን? ፈንጣጣ ሰይፍ አይመዝዝም፤ ዱቄትም አይመርዝም።

ሦስተኛው፣ ያ ሁሉ ባይሆን ኖሮ ሱፉም ከብቱም ሀብቱም አይገኝም ነበር ይላል። ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። ነባሮቹ ከብት ማርባት የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም፤ በሰሜኑ አገር ታላላቆቹን የከብት ጣቢያዎች በጉልበታቸው ያቆሙ እነርሱ ናቸው፤ ደመወዛቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዱቄት፣ ስኳርና ሻይ ነበረ። ኦገስት 23 ቀን 1966 ቪንሰንት ሊንጊያሪ የሚባል የጉሪንጂ ሕዝብ ሰው 200 የሚያህሉ ሠራተኞችንና ቤተ ሰባቸውን ይዞ ከዌቭ ሂል ጣቢያ ወጣ። ሰዎች የደመወዝ ጥያቄ መሰላቸው፤ እርሱ ግን የጠየቀው መሬቱን ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ከጸኑ በኋላ፣ ኦገስት 16 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎፍ ዊትላም አፈር ዘግኖ በሊንጊያሪ እጅ ላይ አፈሰሰለት። በ1996 ደግሞ የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአርቢ ኪራይና የነባር መብት በአንድ መሬት ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ፈረደ። በ1838 ሊሆን አይችልም የተባለው አብሮ መኖር በሕግ የሚቻል ነገር ሆኖ ተገኘ። የጎደለው ዘመን ሳይሆን ፈቃድ ነበረ።

ጠፍ የተባለው መሬትም ስሙ የተመለሰለት ብዙ ቆይቶ ነው። የሜር ደሴት ተወላጅ የሆነ ኤዲ ማቦ የሚባል ሰው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ፣ የአባቶቹ ርስት በሕግ የዘውድ ንብረት ተብሎ መቈጠሩን ሰማ። ከሰሰ፤ ዐሥር ዓመት ተሟገተ። ጁን 3 ቀን 1992 ከ7ቱ ዳኞች 6ቱ ምድሪቱ ባለቤት አልነበራትም የሚለውን አሳብ ጣሉት። እርሱ ግን ፍርዱን አልሰማም፤ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ሞቷል። ከ1788 እስከ 1992 ቢቈጠር 204 ዓመት ነው። አንድ ሐሰተኛ ቃል በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ተቀምጧል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በጁን ወር 2000 በማያል ክሪክ መታሰቢያ ድንጋይ ቆመ፤ በየዓመቱም የሟቾቹ ልጅ ልጆችና የገዳዮቹ ልጅ ልጆች በአንድነት ይሰበሰቡበታል። ያ የ1838 ጋዜጣ፣ ዛሬ ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ የሚባለው፣ በ2023 ስለ ጻፈው ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ 185 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ሰው «ዘመኑ ነበረ» ቢል ይቀልለው ነበር። አላለም። የገዳዮቹም የልጅ ልጆች ለአባቶቻቸው ጠበቃ ከመሆን ይልቅ አብረው ማልቀስን መረጡ። ይህ አባትን ማዋረድ አይደለም፤ አባት የጣለውን ዕዳ አንሥቶ መክፈል ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ የሩቅ አገር ሰዎች ነገር እኛን ምን ያደርገናል ይል ይሆናል። እናንተ ነገ ሹም፣ ዳኛ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ ትሆናላችሁ። አንድ ቀን በፊታችሁ ካርታ ይዘረጋና በጣት ተመልክቶ «ይህ ስፍራ ባዶ ነው» ይባላል። በዚያን ጊዜ ካርታውን ከማመናችሁ በፊት ወደ ስፍራው ሄዳችሁ የማን ጭስ እንደሚወጣ እዩ፤ ውሃውን በምን ስም እንደሚጠሩት ጠይቁ። ሰው ሲገደል «ተበተነ» የሚል ጽሑፍ እንድትፈርሙ ቢሰጣችሁ፣ ትክክለኛውን ቃል ጽፋችሁ ፈርሙ፤ አለዚያም ብዕሩን አስቀምጡ። የሚያውቅ ሰው እንዳይመሰክር የሚከለክል ሕግ ብታገኙ፣ ያ ሕግ ለማን ጥቅም እንደ ቆመ መርምሩ። ሥራ የሚያሳጣ እውነት በእጃችሁ ቢገባ፣ ሆብስን አስቡት፤ ሥራውን አጣ፣ እውነቱ ግን በእርሱ ቃል እስከ እኛ ደረሰ።

ከእናንተም በኋላ የሚመጡት ልጆች ስለ ዘመናችን ሲያነብቡ እኛን «ዘመኑ ነው» ብለው ይቅር እንዲሉን አንጠብቅ። በእያንዳንዱ ዘመን ውስጥ አንድ ጠፍር ይዞ የሚመጣ ፈረሰኛ፣ ፈረሱን ጭኖ የሚከተለው ኪልማይስተር፣ በጎጆው ደጃፍ ቆሞ አልሄድም የሚል አንደርሰን አሉ። ዘመኑ ለሦስቱም አንድ ነው። መርማሪው ዳኛ መጥቶ በጠየቀ ጊዜ፣ ከሁሉ የታናሸው ግዞተኛ የገዳዮቹን ስም እየጠራ፣ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። እኛም ብንጠየቅ የምንመልሰውን ቃል ከዛሬ ጀምረን እናዘጋጅ።